ሥራ ፈት

ከቢቸና ወዲያ ማዶ፣ ጭቃው ጫማ ከሚውጥበት፣
ታብሌት ታቅፌ ገባሁ፣ ከወይዘሮ አንጓች ቤት።
ግድግዳ እየመረገች ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ፣
አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፣ በቃ።

«ዕድሜ?»
«ከትልቁ ጎርፍ ቁጠረው፣ ያኔ ጡት ጥያለሁ።»
«ትምህርት?»
«ስሜን እጽፋለሁ።»
«ሥራ?»
አፏን ሳትከፍት ገና፣
ጎረቤቷ በደጅ ሲያልፍ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣
«ምን ሥራ አላት እሷ፣ ቤት ነው የምትውል» ብሎ
መለሰላት።

እኔም ጣቴን አሳረፍሁ፤ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ አለቀ።
«አንብብልኝ የጻፍኸውን።»
«ሥራ ፈት» አልሁ፤ ጉሮሮዬ ትንሽ ደረቀ።

ሳቀች።

«ፈት መሆኔስ እውነት ነው፤ ባሌን ፈትቻለሁ፣
ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በእጄ ፈርሜያለሁ።
ሥራን ግን መቼ ፈታሁት? ማን ነበር ምስክሩ?
አንድ ቀን ከደጄ ቢወጣልኝ፣ እኔው በሸኘሁት እስከ ድንበሩ።

ያን ጊዜ ስንካፈል፣ ቆርቆሮው አንድ አንድ ተቆጠረ፣
በሬው ተገመተ፤ ማሳው በገመድ ተሰፈረ።
‹አንቺስ ምን ጨመርሽ?› አሉኝ።
‹ሃያ ሁለት ዓመት ውኃ ቀድቻለሁ።›
‹የት አለ?›
‹ተጠጥቷል› አልሁ።
ጸሐፊያቸው ሳቀ። በሬው ለእሱ ደረሰ።

ያቺ ከታች ያለችው ይታይሽ፣ ጎኗ የከዳት፣
ዘመዴ አይደለችም፤ ጧትና ማታ ግን እኔ ነኝ የማገላብጣት።
ሆስፒታል ብትተኛ፣ ስንት ይላል የሌሊቱ?
የምንጩን ደለል ዓርብ ዓርብ የምንጠርግ እኛው ሴቶቹ፣
መንግሥት በጨረታ ቢያስጠርገው፣ ስንት ይሆን ሒሳቡ?

አንተስ፣ ትናንት የት አደርህ? ማን ነው እራት የሰጠህ?»

የሊቀመንበሩ ቤት ነበር።
ሚስቱ ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፣
የራሷን ጋቢ አልብሳ አስተኛችኝ።
ሌሊት ልጇ ሲያለቅስ፣ እንግዳው እንዳይነቃ ብላ
ብርዱ ላይ ይዛው ስትወጣ ሰምቻለሁ።
የእሷንም አሥራ ሰባተኛ
ትናንት ማታ ሞልቼዋለሁ።

ወደ ኋላ ልመለስ ብል፣ ታብሌቱ እምቢ አለ።
«ሌላ» የምትል ጠባብ ሳጥን ብቻ አለች፤
ሃያ ፊደል ሲሞላት፣ በቃኝ አለች።
ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ።

«ቆመህ ከምትቀር» አለችኝ፣ «ያን ጭድ አቀብለኝ።»
አቀበልኋት።
እስኪመሽ አቀበልኋት።
የዚያን ቀን አበሌ ግን፣ ሳይጎድል ተከፈለኝ።