ስልሳ አንድ ባዶ ቤት

ኩኦፒዮ፤ የካቲት። ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
ከአዳራሹ በታች ቧንቧው ያቃስታል፤
እኔ ከነላጲሴ፣ ከነመነጽሬ
ሟቹን አርማስ ኬቶላን አጥባለሁ ዛሬ።

ሦስተኛው ሲምፎኒ ለኪራይ ሊወጣ ነው፤
የቱርኩ ኦርኬስትራ ወስዶ ሊጫወተው።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በእርሳስ የሰፈረ
ይጥፋ፤ ወረቀቱ ይሁን እንደ ነበረ።

ስንት እጅ ነክቶታል፣ ስንት የአውራ ጣት ላብ!
ከቫዮሊኑ ዳር፦ «እዚህ ጋ ቀስ፤ በልብ»፤
ከቼሎው ግርጌ፦ «ካልሲዬ ረጥቧል»፤
ኮንትራባሱ በተራው፦ «መሪው ዛሬም ጠጥቷል»።
«ቁጠር!» ይላል አንዱ፣ ሦስቴ አስምሮ፤
«እየቆጠርኩ ነው፣ ተወኝ» ይላል ሌላ እጅ፣ ከሥሩ ተማርሮ።

ፈገፈግሁ። ፍርፋሪው ጉልበቴ ላይ ረገፈ፤
የሃምሳ ዓመት ማጉረምረም በአንድ ጧት አለፈ።

ከዚያ ሦስተኛው ቀንደ መለከት፣
ዝግተኛው ክፍል። እዚህ ጋ ኬቶላ
ለዚህ ሰውዬ ምንም አልጻፈለት፦
ስልሳ አንድ ባዶ ቤት።
ሌላ ቢሆን ቁጥር ጽፎ ባለፈ፤
እሱ ግን ግድግዳውን አንድ በአንድ አሰመረ።
ጓደኞቹ በነጎድጓድ ውስጥ ሲያልፉ
ሰውየው መለከቱን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
ስልሳ አንድ በር ከፍቶ፣ ስልሳ አንድ በር ዘግቶ፣
ከመጨረሻው ደጃፍ አንዲት ኖታ አግኝቶ
ይነፋል። አንዲት ብቻ።

ባዶዎቹ ቤቶች ግን ሰው ገብቶባቸዋል።
አራተኛው ቤት፦ «ሄልቪ ዛሬ ጧት ተወለደች፤ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል»።
(ሲምፎኒው በስድስት፣ በሰባት ዓመት አንዴ ነው ከመደርደሪያ የሚወርደው።)
አሥራ ሰባተኛው፦ «ሄልቪ ማንበብ ቻለች፤ እኔን ታርመኛለች»።
ሠላሳኛው፦ «ሦስተኛ ረድፍ፣ ቀይ ኮት። ቀና አትበል»።
አርባ ስምንተኛው፦ «ስዊድን ገባች። የመኪና ፋብሪካ»።
ሃምሳ ሦስተኛው፦ ቀን ብቻ።
ከዚያ ወዲያ ሰባት ቤት ማንም አልገባም።
ስልሳ አንደኛው ላይ፦ «አሁን»።

ላጲሴ ሁሉን በላ። «አሁን» ግን እምቢ አለ፤
ጥቁሩ ለቀቀ እንጂ ቦዩ እዚያው አለ።

በመጋቢት፣ ሐሙስ ማታ፣ ራዲዮ ከፈትኩ፤
በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ በጣቴ ቆጠርኩ።
ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ስልሳ አንድ። ዝም።
የቱርኩው ሰው ግማሽ ምት ዘገየ፤
ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ ይሁን፣ አላውቅም።
ከዚያ መጣች፤ ዝቅ ያለች፣ ረጅም።
እጄን ጉልበቴን ሲያራግፍ አገኘሁት፤
ምንም የለም።