እጀታውን ይዞ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከዚህ ወንበሬ ላይ፣
ቀጠሮ ስመዘግብ፣ የሊትሪምን ዝናብ ሳይ፣
የሰፈሩን ሕመም በየስሙ አጠናሁ፤
የማን ሳንባ እንደሚያፏጭ፣ የማን ኪኒን እንዳለቀ፣ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ።
«እንዴት ነህ?» ስል ግን፣ እግሩ የተሰበረም፣ ልቡ የተሰበረም፣
«ደህና ነኝ» ያላለኝ፣ እስከ ዛሬ የለም።
«ደህና ነኝ» እዚህ አገር ካፖርት ማለት ነው፤
ከቤት ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚደርበው፤
ውስጡ ቢበሰብስም፣ ከላይ የሚቆልፈው።

ማላኪ ጊልሁሊ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው።
ማንም አልሞተበትም፤
ዕዳ አላሳደደውም፤
ሚስቱ ኢታ አለች፤ ልጁም ከፐርዝ እሑድ እሑድ ይደውላል፤
ብቻ መሬቱን ቄጠማ ወረሰው፤ አርባ ላሞቹ ዘጠኝ ሆነዋል።
በመስከረም መጣ፤ «ጉልበቴን» አለ።
በኅዳር ወገቡን፣
በታኅሣሥ ጆሮውን፤
ሐኪሟ ባትሪ አብርታ ጆሮውን አየችው፤
ንጹሕ ነው፤ ዝምታ ብቻ ነው የሞላው።

ያን ሰሞን መጠይቅ ከዩኒቨርሲቲ መጣ፤
«ስም አይጻፍበትም» ብዬ ሰጠሁት፣ ብዕሩን ከኪሴ ሳወጣ።
«ባለፉት ሠላሳ ቀናት፣ ምን ያህል ጊዜ ተስፋ ቆረጡ?
ምን ያህል ጊዜ ዋጋ የለኝም ብለው ተቀመጡ?»
ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ፤ ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፤
ማላኪ በጭራሽ፣ በጭራሽ፣ በጭራሽ ላይ፣
አጥር እንደሚቸነክር ሰው ምልክት አድርጓል።
መጨረሻ ላይ ግን፣ «ለባለሙያ ነግረው ያውቃሉ?» የምትል አለች።
ማታ ስሰበስብ (ማየት አልነበረብኝም) ዓይኔ እሷ ላይ ዐረፈች፤
ሳጥኗ ባዶ ናት፤ ከጎኗ፣ ወረቀቱን የበሳ አንድ ነጥብ፤
ብዕሩን እዚያ ተክሎ፣ ብዙ ቆይቷል፣ ሲያስብ፣ ሲያስብ።

(አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀርቻለሁ፤
መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን እሞላዋለሁ።)

ጥር ላይ ተመለሰ። «ያው ጉልበቴ ነው» አለኝ።
«ግራው ነው ቀኙ?» ብለው፣ ዝም ብሎ አየኝ፤
የትኛው እንደሆነ ጠፍቶበት።
ዘጠኝ ደቂቃ ቆየ።
ሊወጣ በሩን ከፈተና፣ እጀታውን እንደያዘ፣
ቆመ። ካፖርቱ ገና አልደረቀም።
ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ቃሉ ግን ለሷ፣ ከጀርባው ላለችው፤
«ዶክተር፣ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር…
ሌሊቱን ከላሞቹ ጋር ነው የማነጋው።
ቤት ውስጥ የማስበውን
እነሱ ፊት ማሰብ ያሳፍረኛል።»

ስልኩ ጮኸ።
በሃያ ሁለት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አላነሣሁትም።
በሩ ተመልሶ ተዘጋ፤ እሱ ግን አልወጣም።

አርባ ደቂቃ። ኡና ማክጋወን ሰዓቷን አየች፤
«ለጉልበት ይህን ያህል?» ብላ ተነጫነጨች።
«ሰው ጉልበቱ ሲከዳው» አልኳት፣
«በዘጠኝ ደቂቃ አይጠገንም።»

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ስላይጎ፣ ለምክር አገልግሎት።
መልስ መጣ፤ «ወረፋ አለ፤ አሥራ አራት ሳምንት።»
የታጨደ ቄጠማ መልሶ
የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ።
ሐኪሟ በየዐሥር ቀኑ እንዲመለስ ቀጠረችው፤
እኔ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ እደውላለሁ።
«ላሞቹ እንዴት ናቸው?»
«ደህና ናቸው።»
«አንተስ?»
የበረቱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማኛል፤
አንዷ እምቧ ትላለች፤ እሱ ይተነፍሳል።

ባለፈው ሐሙስ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣
«ደህና ነኝ» አላለኝም።
ስልኩንም አልዘጋም።
እኔም አልዘጋሁም፤
ተራ የደረሰው ሰው መስታወቴን እያንኳኳ።