ከመቶ አንድ እጅ

በሊዬዥ፣ ከሜዝ ወንዝ ማዶ፣ የከሰል ጥራጊ ኮረብታ አለ፤
ሰው ረስቶት፣ ዛፍ ለብሶ፣ ተራራ ነኝ እያለ።
ኤጂዲዮ ከአልጋው ሆኖ፣ ከሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ፣
በአገጩ ያሳየኛል፦ «ያን ሁሉ እኛ ነን ያወጣነው፣ ከታች፣ ከጥልቅ።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ናሙና ተቀባይ ነኝ፣ ነግሬዋለሁ።
ከጉበቱ ዕጢ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራሽ በበረዶ እወስዳለሁ።
«ምን ታደርጊያታለሽ?»
«አየር እነሳታለሁ።»
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆምኩ።
«እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ» አለ፤ ምን እንደምመልስ አላወቅኩ።

ምድር ቤት፣ በመስታወቱ ሣጥን ቀዳዳ ሁለት እጄን አስገብቼ፣
ናይትሮጅን ለቅቄ፣ ኦክስጅኑን አስወጥቼ፣
ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ትቼ፣
መድኃኒቱን አንጠባጥባለሁ፤ ዘግቼ እሄዳለሁ፤
በማግስቱ እቆጥራለሁ።
ከሣጥኑ ውጪ ያሉት፣ አየር የጠገቡት፣ እንደ ቅጠል ረግፈዋል።
የታፈኑት ግን ጥግ ይዘው፣ ስኳሩን ሳያበስሉ በጥሬው ቅመዋል፤
የቸገረው እርጉዝ ያገባል።
ደግሞ በየሴሉ አንድ ዘበኛ አለ፤ አየር በሞላ ቀን ዕድሜው ደቂቃ፣
ተወልዶ ወዲያው የሚፈርስ፤ አየር ሲጎድል ግን የሚነቃ፣
ቁልፍ የሚቀይር፣ የገባውን መድኃኒት
በጓሮ በር መልሶ የሚያስወጣ፤ ለቤቱ ታማኝ፣ ለእኛ ጠላት።

ይህን ሁሉ ያስተማርናቸው እኛ መሆናችን ነው የሚያሳፍረው።
ክኒኑ ደም ስር እንዲዘጋ፣ ዕጢውን በረሃብ እንዲፈታ ነው የተሠራው፤
ዘጋው።
ድልድዩን ሰበርን፣ ጠላት በስንቅ እጦት ይለቅ ብለን፤
የእኛም መልእክተኛ በዚያው ድልድይ ነበር የሚሻገር፤ ዘነጋን።
ሳሩን አየን።

ኅዳር መጨረሻ። ኤጂዲዮ ቢጫ ሆኗል፣ እስከ ዓይኑ ነጭ ድረስ።
ክንዱ ላይ ቱቦ ነበረ፤ በቀረው አንድ እጁ ያዘኝ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ።
«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዋሻው ተደረመሰ፣ አምስት ሆነን ቀረን።
የመብራቷ ነበልባል አነሰች፣ ቀላች፣ ትታን ሄደች፤ ጨለመብን።
ጉልበት ያላቸው ጮኹ፣ ደበደቡ፣ በጣታቸው ቆፈሩ፤
እኔ ሰነፉ ተኛሁ፤ አየሩን በማንኪያ ቀመስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሲቆጥሩ
አንድ ነበርኩ።
ከዚያ ወዲያ ምን ይገድለኛል? አቧራው ሞከረ፣ ወይኑ ሞከረ፣ ሚስቴም ሞከረች።»
ዝም አለ። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ጠለቀች።
«ታዲያ እነዚያ ሣጥንሽ ውስጥ ያሉት፣ የማይሞቱት፣
የኔ ልጆች ናቸዋ! ከአባታቸው ነው የወረሱት።»

የከሰል ቆፋሪዎቹ ቅድስት በርባራ በነሱ ዲሴምበር አራት ነች፤
በእኛ ታኅሣሥ ስምንት፣ አሥራ ሦስት ቀን ዘግይታ ትመጣለች።
ኤጂዲዮ በሁለቱ መካከል ሞተ፤
የእሱ በርባራ አልፋ፣ የኔዋ ሳትደርስ።

ቁራሹ አልሞተም። ሣጥኑ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ነው።
አዲስ ቅመም ሰጥተውኛል፦ አየር ባለበት የሚያንቀላፋ፣
አየር በጠፋበት ብቻ ተነሥቶ የሚከፋ።
ዛሬ ቆጠርኩ፤ ከመቶው ሰባ አንዱ አሉ።
ትናንት ሰማንያ ነበሩ።
ዘጠኝ።
ሊፍቱን ጠራሁ፤ አራተኛ ፎቅ ልወጣ፣ ልነግረው፣
መርዶ ይሁን ብሥራት ሳልለይ።
በሩ ተከፈተ፣ ጠበቀኝ፣ ተዘጋ፤
እኔ እዚያው።