ከሰል ያልሆነው

ፋግታ ላይ፣ ጉም ከአጥር በማይለቅበት ሰፈር፣
እንዳላማው ከሰል ሲያከስል ነበር የሚያድር።
አንድ ሐምሌ ጭቃው ክምሩን ዘጋበት፣
እሳቱ ታፈነ፣ ሳይበላው ቀረበት።
አፈሩን ሲገልጠው ዲከረንሱ አልከሰለም፣
ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ጥሬም አይባልም።
ከሰልም አልሆነ፣ እንጨትም አልቀረ፣
ማን ይገዛዋል ብሎ ከደጅ አሳደረ።
ለበግ፣ ለዶሮ እግር፣ ለጭቃው መርገጫ።

አምስት ክረምት ሄደ።
የሰፈሩ አጥር በምስጥ ዱቄት ሆነ፣
የጎረቤት ደጃፍ በስብሶ ባከነ፤
ያ መርገጫ ብቻ አልጎበጠ፣ አላበጠ፤
ምስጥም ቀመሰውና እንትፍ ብሎ ሮጠ።

«ስኳሩን ነው» አለኝ፣ «ሙቀት የወሰደው፣
ውሃ የሚጠራውን፣ ነቀዝ የሚወደው።»

ዛሬ በብረት ሣጥን፣ እንፋሎት ሞልቶበት፣
ሳንቃ ያበስላል፣ ነበልባል ሳይነካበት።

ዘንገና ሐይቅ አፋፍ፣ የእንግዳ ማረፊያው ሰገነት ላይ
እኔ ጀማሪው፣ ምስማር በጥርሴ ይዤ ስጣደፍ
የመጀመሪያውን መታሁ።
ጧ!
ሳንቃው ለሁለት።

እንዳላማው አልተቆጣም።
ስንጥሩን አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣
የበሽተኛ ግንባር እንደሚዳበስ።
«እሳት ያየ እንጨት ዝናብ ይችላል፣
ፀሐይ ይችላል።
መዶሻ አይችልም።
ቀድመህ ብሳለት፣ ከዚያ ብሎኑን በቀስታ።»

ልጁን በቀበረ በሳልስቱ ሥራ ሲገባ
ትከሻውን መታ አድርጌ
«በርታ እንጂ! ወንድ አይደለህ?» ያልኩት ትዝ አለኝ።
ያኔ መልስ አልሰጠኝም፤
ሳንቃ መቁጠር ቀጠለ።

መዶሻውን ከእቃው ሣጥን ከተትኩ።
መሰርሰሪያውን አነሳሁ።