ሦስት መስመር

መምህር፣ ቅጹ ደርሶኛል፤ ተራ ቁጥር አራት፣
«በተግባር ልምምድሽ የቀሰምሽው ዕውቀት»፤
ሦስት መስመር ነው ያለው። እስክሪብቶ አነሣሁ፣
አንድ ቃል ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁ።
ስለዚህ ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩልዎ፤
ነጥብ ሲቀንሱ አይራራ ልብዎ።

ከባሕር ዳር ስነሣ ሻንጣዬ ከብዶ ነው፤
የቪየናው ስምምነት፣ የሄጉ ፍርድ ያለው፤
በመንግሥታት መሃል ያለውን ዳር ድንበር፣
የባሕሩን ሕግ ሳይቀር ሸምድጄ ነበር፣
ባሕር በሌለው አገር።

ቡሬ ዘይት ፋብሪካ ሕግ ክፍል የሚሏት
ከሚዛን ቤት ጎን ናት፣ ቆርቆሮ ያለበሷት፤
ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ ሳጥን፣
ካርታው ላይ ዘይት ጠብቶ የሸፈነ ጅቡቲን።
አቶ ሽባባው ነው ኃላፊው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ።
«ሄግን ተይውና ሚዛን ቤት ሂጂ» አለኝ፣
«የእርጥበት መለኪያ ማንበብ ተማሪልኝ፤
ከልኩ ካለፈ ጭነቱ ይመለሳል፤
አንቀጽ ሰባት ማለት እዚያ ጋ ይታያል።»

ሳምንት ሙሉ ቆምኩኝ። አኩሪ አተር ጫማዬ ገባ፤
እጄ ዘይት ሸተተ፣ ፀጉሬ ገለባ።
ገበሬው ሲከራከር፣ መዛኙ ሲምል፣
ሰው በባዶ ጆንያ ስንት ጊዜ ይጣላል!

የመጀመሪያውን ውል አርቅቄ ሳመጣ፣
ሐረጉን አሳምሬ፣ ዜማው እስኪወጣ፣
አነበበው፣ ሣቀ፣ ከንፈሩን ነከሰ፤
በቀይ እስክሪብቶ ግማሹን ደመሰሰ።
«ጎጃም ነው ያለሽው፤ ቅኔ ከፈለግሽ
ደብሩ ሞልቷል፣ ሂጂ፣ መሪጌታ አለልሽ።
ውል ግን ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የተገኘበት፣
አንደኛው ተዋዋይ ተበልቷል ማለት።»

በሦስተኛው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ።
ለምን እንደተዘጋ ቅጹ አይጠይቅም።
መኪኖቹ ቆሙ። ስልኩ መጣ፣ ሄደ፤
በመጣበት ቅጽበት ከገዢው መልእክት ገባ፦
መርከብ አይጠብቅም።

«ይኸው ትምህርትሽ መጣ» አለኝ አቶ ሽባባው፤
«ለዩኒየኑ ጻፊ፣ አንቀጹን ጥቀሺው፦
ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ምክንያት
ድርጅቱ እህሉን ለመረከብ አይገደድም፣ በይበት።»
ጻፍኩት። መምህር፣ እንዴት አምሮ ጻፍኩት!
ካስተማሩን ሁሉ አንድ ነጥብ አልሳትኩት፤
አስቀድሞ የማይታይ፣ ሊያመልጡት የማይቻል፣
ማስታወቂያው ፈጥኗል፣ ቀኑ ተቆጥሯል።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ፤
አንሙት አለኸኝ፣ ከሽንዲ ማዶ፣
ስምንት ጆንያ በአራት አህያ አስነድቶ።
ደብዳቤው አራት ታጥፎ በላብ ርሷል።
«አንብቢልኝ» አለ። የኔ ጽሑፍ መሆኑን
አልነገርኩትም። አነበብኩለት።

ዝም አለ። ወደ አህዮቹ ዞረ። ከዚያ፦
«ከአቅም በላይ ሲል ያ አቅም የማን ነው?
የፋብሪካው ከሆነ፣ እሺ፣ ይሁን፣ ይኸው።
የማዳበሪያው ዕዳ ጥር ላይ ሲሞላ፣
እኔስ የምገባ ከየት አንቀጽ ጥላ?»

መልስ ነበረኝ ወይ? ነበረኝ መሰለኝ፤
ሁለት መቶ ገጹ ማብራሪያ ትዝ አለኝ፤
ከዚያ ሁሉ ገጽ ግን፣ ብፈልግ ባስፈልግ፣
ለአንሙት የሚሰጥ አጣሁ አንድ ሐረግ።

ማታ ብቻዬን የመጪውን ዓመት ረቂቅ ከፈትኩ፤
አንቀጽ አሥራ አራት፣ «ድርጅቱ» በሚለው ቦታ
«ሁለቱም ወገን» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።
አቶ ሽባባው ጠዋት አየው። ቆይቶ አየው።
ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተ፤ ዘጋው።
«ማን አዘዘሽ?» አላለኝም።
«እርሳስ ይለቃል» ብሎ ወረቀቱን ከተተው
እዚያው፣ የማይዘጋው ሳጥን ውስጥ።

ግምገማዬን ሰጠኝ፤ ሰዓት ማክበር፣ እጅግ በጣም ጥሩ፤
አለባበስ፣ ጥሩ፤ በራስ ተነሳሽነት የሚለውን
ሳይሞላ አልፎታል።
ውሉ ይፈረም አይፈረም አላውቅም።
አንሙት ጆንያዎቹን መዛኙ ጓሮ አደራ ብሎ
ባዶ አህዮቹን ነድቶ ተመለሰ።

እንግዲህ ለተራ ቁጥር አራት ይህን ሞላሁ፦
የእርጥበት መለኪያ ማንበብ ችያለሁ።
ሰም ብቻ መጻፍ፣ ገና ነኝ።
ሦስተኛውን መስመር ባዶውን ላክሁልዎ።