ቀለበት

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አንዱን ዓይን ጨፍኜ በአንዱ ዓይኔ ሳይ፣
ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ቀለበት ተኝቷል፤
ፈርጡ ቀይ ነጥብ ነው፤ ለጣት ግን ይጠባል።
ፒያሳ ከቀሩት ከወርቅ ቤቶች መስኮት
እንዲህ ያለ ቅጥነት አላየሁም በእውነት።

ስላይዱ ጫፍ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦
"ኡጁሉ፣ ዐሥራ ዘጠኝ።"
ከጋምቤላ ከመጣ ስምንት ወር ሆኖታል፤
ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ፣ በሐምሌ ቁር፣ አልቦታል።
"ቢምቢ የለ እዚህ!" ብለው ጓደኞቹ ሳቁ።
ወባ ግን ምን ከፋው፤ ጉበት ውስጥ አድፍጦ
መጥቷል ያን ሁሉ አገር፣ ትኬት ሳይቆርጥ፣ ተቀምጦ።

ይህን ማየት የተማርኩት ከባሕር በታች ነው፣
ብስክሌትና ዝናብ ከሞላት ትንሽ አገር።
ደጁ በረዶ ሲጥል
አንዲት ሙቅ ክፍል ነበረች፣ ትንኝ የሚያረቡባት፤
ዊለሚና ነበረች፣ ጡረታ የቀረባት፣
የመረቡን ክዳን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ የምታስተካክል።
"ቆላ የላችሁ፣" አልኳት፣ "ወባ የላችሁ፤
በሰው አገር ንዳድ ምነው መድከማችሁ?"

"የሰው አገር?" አለች።
"እናቴን ነው እኮ! ከባሕር በነጠቅነው፣
ጨው ባልለቀቀው መሬት፣
ጸደይ በገባ ቁጥር፣ ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጣት ነበር።
ስኒ እጇ ላይ አይረጋም።
ረግረጉ ተንጣፈፈ፣ ከብቱ ከቤት ወጣ፣
መድኃኒቱም መጣ፤
አንድ ጸደይ ንዳዱ ሳይመለስ ቀረ።
ማንም አልሸኘውም።
እሱ ሄደ፤ ጥያቄው እኛው ዘንድ አደረ።"

ያኔ ትዝ አለኝ የእኛው ቤት፦
ለራስ ምታት ክኒን፣ ለሆድ ቁርጠት ክኒን፣
የሁሉ መድኃኒት ስም፣
የጥንቱ የንዳድ መራራ እንክብል ስም።
በሽታው ይረሳል፤
ቃሉ ምላስ ላይ ይቀራል።

ዛሬ የኡጁሉን ስላይድ በጥጥ ጠቅልዬ
ቁልቁል ወረድኩ፣ ለዊለሚና ተማሪዎች ልልክ ብዬ።
"ምንድን ነው?" አለ የመስኮቱ ሰው።
"መስታወት።"
"ዋጋው ስንት ይባል?"
እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠበቀኝ።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ።
ቀለበት አለበት ልል ነበር፤ ተውኩት።
"ዋጋ የለውም" አልኩ። ጻፈው፤ ማኅተም መታበት።

ቸርችል ጎዳና ላይ ጎርፉ ወደ ለገሃር ይሮጣል።
የዐሥራ አራት ቀኑን ክኒን ቆጥረው ሰጥተውታል።
ዛሬ ዓርብ ነው፤
ኡጁሉ ሰኞ ፈተና አለበት።