ጥላው ጥቁር አይደለም

ከቀሃ ማዶ ነኝ፣ ሸራዬን ወጥሬ፣
የማቆሚያውን እግር ከድንጋይ አስሬ።
ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ፀሐይ አዘንብላ
ግንቡን ታፈርሳለች፣ ቀስ በቀስ፣ በጥላ።
ጠዋት ቡኒ ነበር፣ የማይበገር አለት፤
አሁን እንደ ወለላ ጠብ ጠብ ይላል ከአናት።

ቶሎ በል፣ እጄ ሆይ! አትለስልስ፣ ጣል ጣል፤
ብርሃን እንግዳ ነው፣ ቁጭ ሳይል ይነሣል።
ብጫ ጣል። ከጎኑ ወይን ጠጅ። አትቀላቅል፤
የተመልካች ዓይን ራሱ ያቡካ፣ ያብስል።
ለባሕር ዛፉ ቅጠል አንዳንድ ጭረት፣
ለነፋሱ ደግሞ የብሩሹን ጭራ በግድም መጎተት።

በታች በመንገዱ ባጃጅ ታልፋለች፤
አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ጥላልኝ ሄዳለች።
አቧራዋ መጥቶ ተለጠፈ እርጥቡ ቀለም ላይ፤
አልጠርገውም፣ ይቅር። የዚሁ አገር ነው፣ ይታይ።

እንዲህ አልነበረም አባቴ፣ አለቃ ይርሳው፣ ያስተማረኝ ጥንቱን፦
«መጀመሪያ መስመር! በጥቁር ክበቢው የጻድቁን ፊቱን።
ኃጥእ በጎን ይታይ፣ በአንድ ዓይን፤ ጻድቅ ግን በሙሉ።
ጥላ ምን ያደርጋል? መንግሥተ ሰማያት አይመሽም በውሉ።»

ዘንድሮ ዓይኖቹን ሞራ ጋርዶበታል።
የእኅቴ ልጅ ማስተዋል ክንዱን ይዛ መጣች። ልብሱ አሁንም ሙጫ፣ ሙጫ ይሸታል።
ጎንበስ አለ፣ አፍንጫው ሸራው ላይ እስኪደርስ፤
ፈራሁ፣ ቀለሙ ጢሙን እንዳይለውስ።
«የታል ድንበሩ? ዛፉ የት አበቃ? ሰማዩ የት ጀመረ?»
«አያበቃም፣ አባ።»
ዝም ብሎ ቀረ።
«የባጃጇ ጎማስ?» አለች ማስተዋል። ማንም አልመለሰላትም።

«ጥላውስ? ጥቁር ነው?»
«አይደለም፣ አባ።
ሐምራዊ ነው፤ ሰማያዊም አለው፣ ትንሽ አረንጓዴ ጣል ያለበት።
ጥቁር ከነጭራሹ አልያዝኩም ከቤት።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።
«እኔ እኮ ከሰኔ ወዲህ እንዲሁ ነው የማይ» አለ ዝግ ብሎ፣
«ሰው ከግንብ ሲቀልጥ፣ መንገድ ከሰማይ ጋር ተቀላቅሎ።
በሽታ መስሎኝ ነበር።»

ምን ልበለው? በሽታም ነው። ሐኪሙ ለጥር ቀጥሮታል።
ብሩሼን ጨመቅሁት፤ ነጩ ጫፉ ላይ ደርቋል።

ፀሐይ ገባች። ግንቡ ወደ ድንጋይነቱ ተመለሰ።
ሥዕሉ አላለቀም፣ የግራው ጥግ ባዶ ነው፣ አልተዳረሰ፤
እዚያ ላይ ግን ጣቱን ሲደገፍ አሳርፎ ኖሯል።
አሻራው ሐምራዊ ነው።
አልነካሁትም።